«አላወቅሁም» ማለት ከዕዳ ያድናልን?

የሰው ልጅ ውኃን ሲፈራ የኖረው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ሞልቶ እንዳይወስደው፥ ደርቆም እንዳያስጠማው ነው። በግድግዳ ውስጥ በቧንቧ ተመርቶ፥ በጣራ ላይ በገንዳ ተጠራቅሞ፥ መክፈቻውን ባዞሩት ጊዜ ታዝዞ የሚወርደውን ውኃ ግን የሚፈራው ሰው አይገኝም። አባቶቻችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲሉ የተናገሩት ስለ ወንዝ ነበር። ዛሬ ግን ተረቱ ለቤት ውኃም የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ የሚከተለው ነው። አንድ ሰው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ባለ የተበላሸ ውኃ ምክንያት ቢታመም ወይም ቢሞት፥ የሕንፃው ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ በዳኛ ፊት ቀርቦ «ክፉ አላሰብሁም፤ በውኃው ውስጥ ያለውንም ነገር አላወቅሁም» ብሎ ቢመልስ፥ ይህ መልስ ከዕዳ ያድነዋልን? ጥያቄው ለዳኞችና ለጠበቆች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን የአንድ ሕንፃ ቁልፍ፥ የአንድ ክፍል ማኅተም፥ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በአደራ የተሰጡት ሰው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ነፃ አይደለም።

ነገሩ በዓለም ላይ ጎልቶ የታወቀው በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በሐምሌ ወር፥ አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችበት 200ኛ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ፥ አሜሪካን ሌጂዮን የተባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አባሎች ቤልቪው ስትራትፎርድ በተባለው ታላቅ ሆቴል ተሰብስበው ነበር። ስብሰባው ተፈጽሞ ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ብዙዎቹ በብርቱ ትኩሳትና በሳንባ ምች ተያዙ። ከማኅበሩ ሰዎች መካከል 182 ታመው 29 ሞቱ። የበሽታው ምክንያት ባለመታወቁ አንዱ መርዝ ነው፥ ሌላው የጠላት ተንኰል ነው እያለ ወሬው በዛ። ሆቴሉም እንግዳ ስለ ሸሸው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ተዘጋ። በ1977 በጥር ወር ግን ጆሴፍ ማክዴድ የተባለ በመንግሥት የጤና ተቋም የሚሠራ ተመራማሪ ምክንያቱን ደረሰበት። የተገኘውም ከዚያ በፊት ስም ያልወጣለት አንድ ባክቴሪያ ነበር። በሞቱት ሰዎች ማኅበር ስም ሌጂዮኔላ ተብሎ ተጠራ።

የዚህን ጀርም ጠባይ ማወቅ ለጥያቄያችን የሚጠቅም ስለ ሆነ በጥቂቱ እንገልጸዋለን። ጀርሙ በወንዝና በሐይቅ ውስጥ በመጠኑ ይገኛል፤ በዚያ ሳለ ግን የሚጎዳው ሰው እምብዛም ነው። ኃይል የሚያገኘው ሰው በሠራው ነገር ውስጥ ሲገባ ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ፥ ውኃው ቆሞ በሚቀርበት ቧንቧ፥ ዝቃጭና ዝገት በያዘ ገንዳ ውስጥ ይራባል። ሰው የሚታመመውም አብዛኛውን ጊዜ ውኃውን በመጠጣት ሳይሆን፥ ከገላ መታጠቢያ ወይም ከታላላቅ ሕንፃዎች የአየር ማቀዝቀዣ የሚወጣውን ረቂቅ ጤዛ ወደ ሳንባው በመሳብ ነው። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ የተለመደ አይደለም። ሕመሙ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ሲሆን፥ ይልቁንም ሽማግሌዎችን፥ ሲጋራ የሚያጤሱትንና ጤናቸው የደከመውን ያጠቃል፤ ከሚታመሙትም ከ10 አንዱ ያህል ይሞታል። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። መከላከያውም እንደዚሁ የታወቀ ነው፤ ይኸውም የሚጠራቀመውን ሙቅ ውኃ በ60 ዲግሪ ማኖር፥ ቀዝቃዛውን ከ20 ዲግሪ በታች ማቆየት፥ ገንዳውን ማጠብ፥ ቆሞ የሰነበተውን ውኃ ማፍሰስ፥ የማቀዝቀዣውን ውኃ በመድኃኒት ማከም ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ወንዝ ሞልቶ ሰው ቢወስድ የሚከሰስ የለም፤ ወንዝን የሠራው ሰው አይደለምና። ይህ በሽታ ግን ኃይሉን የሚያገኘው ሰው አንጾ፥ ሰው አከራይቶ፥ ሰው ቁልፉን በያዘው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ «የእግዜር ቁጣ ነው» ብለን ብቻ ልናልፈው አንችልም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በ1976 የነበረ የሆቴል አስተዳዳሪ «አላወቅሁም» ቢል እውነቱን ነው፤ በዓለም ላይ ያወቀ ሰው አልነበረምና። ከዚያም በፊት በ1968 በሚሺጋን ክፍለ ሀገር በፖንቲያክ ከተማ በአንድ ሕንፃ የአየር ማቀዝቀዣ ምክንያት 144 ሰዎች በትኩሳት ታመው ነበር። የሞተ ሰው ባይኖርም የበሽታው ምክንያት ሳይታወቅ ቀረ። ያ ሕንፃ የሕዝብ ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነበር። ምክንያቱ ያው ጀርም መሆኑ የተረጋገጠው ከፊላዴልፊያው ግኝት በኋላ፥ ተቀምጦ የቆየው ናሙና እንደ ገና ተመርምሮ ነው። የጤና ጠባቂዎች በራሳቸው ቤት ውስጥ ያለውን ካላወቁ፥ የሆቴል አስተዳዳሪ ከየት ሊያውቅ ይችል ነበር? ስለዚህ የዚያን ዘመን አለማወቅ እንደ ጥፋት ልንቆጥረው አይገባም።

ነገር ግን አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዕውቀቱ ገና በዓለም ላይ ሳይገኝ የሚኖር አለማወቅ ነው። ሁለተኛው ዕውቀቱ ተጽፎ፥ ታትሞ፥ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ ሊያውቀው የተሾመው ሰው ሳይመለከተው በመቅረቱ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ዕድል ነው፤ ሁለተኛው ፈቃድ ነው። መንገደኛ ባያውቅ ማንም አይወቅሰውም። እንዲያውቅ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ባያውቅ ግን አደራ መብላት ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በእንግሊዝ አገር በባሮ ኢን ፈርነስ ከተማ የደረሰው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሐምሌና በነሐሴ፥ ፎረም 28 ከተባለው የከተማው ማዘጋጃ ቤት የኪነ ጥበብ ማእከል የአየር ማቀዝቀዣ የሚወጣው ጤዛ ሕዝብ በሚመላለስበት ጠባብ መተላለፊያ ላይ ይወርድ ነበር። ለመታመም ወደ ሕንፃው መግባት አያስፈልግም ነበር፤ በዚያ ማለፍ ብቻ ይበቃ ነበር። ከ170 ሰዎች በላይ ታመው 7 ሞቱ። በችሎት እንደ ተገለጸው የማቀዝቀዣውን ውኃ በመድኃኒት የማከሙ ሥራ ከጥገናው ውል ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱና አንዲት የክፍል ኃላፊ ሰው በመግደል ወንጀል ተከሰሱ። ማዘጋጃ ቤቱ በ2005፥ ኃላፊዋም በ2006 ከግድያው ክስ ነፃ ወጡ። ይሁን እንጂ የሰውን ጤናና ደኅንነት ሳይጠብቁ በመቅረታቸው በማዘጋጃ ቤቱ ላይ 125,000 ፓውንድ፥ በኃላፊዋም ላይ 15,000 ፓውንድ መቀጫ ተፈረደባቸው።

ሰባት ሰው ሞቶ ገዳይ ጠፋ። ይህ ነገር ብዙ ያሳስባል። ሰው ነፍሰ ገዳይን ሲፈልግ የሚፈልገው አንድ እጅ፥ አንድ መሣሪያና አንድ ክፉ ልብ ነው። እንዲህ ባለው ጉዳይ ግን ክፉ ልብ አይገኝም። የሚገኘው አንዱ ሳይጽፈው የቀረ ደብዳቤ፥ ሌላው ሳያነበው የቀረ ማስታወሻ፥ ሦስተኛው ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከውሉ የሰረዘው መስመር ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ በሚዛን ቢቀመጥ ከላባ አይከብድም። ተደምሮ ግን ሰው ይገድላል።

ይህን ስንጽፍ በሌላው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። እኛም በምንሠራበት መሥሪያ ቤት ጣራ ላይ የውኃ ገንዳ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ የጽዳት ሠራተኛ በቢሯችን ደጃፍ ቆመው፥ ጠዋት ጠዋት ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ እንደሚሸት ነገሩን። «እናንተ የተማራችሁት እዩት እንጂ፤ እኔማ ምን ዐውቃለሁ» አሉን። እኛም ቃላቸውን በማስታወሻ ጽፈን «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ብለን ፈረምንበት። ወረቀቱም ወደ ጠቅላላ አገልግሎት ሄደ፤ ከዚያ ወደ ጥገና ክፍል ተመራ፤ የጥገና ክፍልም ሕንፃው የኪራይ ስለ ሆነ ነገሩ አከራዩን ይመለከታል ሲል መለሰ። ከአራት ወር በኋላ ወረቀቱ አምስት ፊርማ ተሸክሞ ወደ ገበታችን ተመለሰ። ገንዳው ግን አልተከፈተም ነበር።

እስከምናውቀው ድረስ በዚያ ውኃ ማንም አልታመመም፤ ወይም የታመመ ሰው ካለ ከምን እንደ ታመመ አላወቀም። ልባችንን የሚከብደው ይህ ሁለተኛው ቃል ነው። ሽታ የዚህ በሽታ ምልክት እንዳልሆነ፥ ጥርት ያለ ውኃም ጀርሙን ሊሸከም እንደሚችል በኋላ አንብበን ተረድተናል። ነገር ግን ይህ አያጽናናንም። ወረቀቱን ስንመራው የውኃውን ጠባይ መርምረን ሳይሆን፥ ሸክሙን ከራሳችን ላይ ለማውረድ ብቻ ነበርና።

አሁን ደግሞ በታመመው ሰው ወገን ቆመን እንመልከት። በጩቤ የተወጋ ሰው የወጋውን ያውቃል፤ «በሕግ አምላክ» ብሎ ሊያስቆመውም ይችላል። በጤዛ የተመረዘ ሰው ግን ማንን ያስቁም? ሕመሙ ከቀናት በኋላ የሚታይ ስለ ሆነ፥ በእነዚያ ቀናት ያደረበትን ሆቴል፥ የታጠበበትን ቤት፥ ያለፈበትን መንገድ ሁሉ ማስታወስ አለበት። ይህም ብቻ አይበቃውም። ከእርሱ የተገኘው ጀርምና ከሕንፃው ውኃ የተገኘው ጀርም ዘራቸው አንድ መሆኑን ቢያስረዳ ክሱ ይጠነክራል፤ ይህም በላቦራቶሪ የሚቻል ነው። ዳሩ ግን ዛሬ ሐኪሞች በሽታውን ፈጥነው ለማወቅ የሚጠቀሙበት የሽንት ምርመራ በሽታውን እንጂ የጀርሙን ዘር ለይቶ አያሳይም። ለማነጻጸር ከሳንባ የሚወጣው አክታ ተወስዶ ጀርሙ በላቦራቶሪ እንዲራባ ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐኪሙ በሽታውን ፈጥኖ በማወቁ ረክቶ አክታውን ሳያስወስድ ከቀረ፥ በሽተኛው ሕይወቱን አትርፎ ማስረጃውን ያጣል። የሕንፃው ባለቤት ደግሞ በዚህ መካከል ገንዳውን በብርቱ መድኃኒት ካጠበው፥ ምስክሩ ከውኃው ጋር ፈሰሰ ማለት ነው። ማጠቡ ግን ለቀሩት ነዋሪዎች ደኅንነት የማይቀር ግዴታ ነው። ከእውነት ጋር የሚኖር ባለቤት እንግዲህ መጀመሪያ ናሙናውን ያስወስዳል፤ ወዲያውም ያጥባል።

ፍትሕ ለተከሳሹም ያስፈልገዋል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ጀርሙ መገኘቱ ብቻ ያንን ሰው ያሳመመው ያ ሕንፃ መሆኑን አያስረዳም። በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ ሕንፃ፥ ብዙ ገንዳ አለና። ባለ ሀብት ስለ ሆነ ብቻ ይክፈል ማለት የድኻውን ግፍ በሌላ ግፍ መካስ ነው። የታመመው ሰው ኀዘን እውነት ቢሆንም፥ ኀዘን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሌላም ከባድ ክርክር አለ። አንዳንድ ሰዎች የካሳ ክስ ከሚያስገኘው ጥቅም ጉዳቱ ይበልጣል ይላሉ። ውኃውን ያስመረመረ ባለቤት ጀርም ቢያገኝ፥ ያ የምርመራ ወረቀት ነገ በችሎት ምስክር ሆኖ ይቆምበታል፤ ስለዚህ ሳይመረምር መኖርን ይመርጣል ሲሉ ያስረዳሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ፍርሃት ዓይንን ያስጨፍናልና። መልሱ ግን ክስን ማስቀረት አይደለም። መልሱ ሳይመረምሩ መቅረትን፥ መርምሮ ከማግኘት ይልቅ የከበደ ጥፋት ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ክፍል ከ130 ሰዎች በላይ ታመው ከ10 በላይ በሞቱ ጊዜ፥ ከተማው በየሕንፃው ላይ ያሉት የማቀዝቀዣ ማማዎች የት የት እንደሚገኙ የሚያሳይ የተሟላ መዝገብ አልነበረውም። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ባለቤቶች ሁሉ ማማቸውን እንዲያስመዘግቡና በየጊዜው እንዲያስመረምሩ አዘዘ። እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት አገር «አልመረመርሁም» የሚል ሰው መከላከያ ማቅረቡ ሳይሆን ጥፋቱን ማመኑ ነው።

የእኛም አገር ሕግ ለዚህ አሳብ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2028ኛው አንቀጽ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል። ከዚያም አልፎ በ2077ኛው አንቀጽ፥ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፥ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። በቧንቧ ውስጥ የተራባ ጀርም ያመጣው ሕመም በዚህ በሁለተኛው አንቀጽ ይጠቃለላል ወይስ አይጠቃለልም የሚለውን ለዳኞች እንተወዋለን። እኛ የምንመለከተው የአሳቡን ሥር ነው፤ ይኸውም የቤቱን ጥቅም የሚበላ ሰው የቤቱንም ጠንቅ ይሸከም የሚል ነው። ይህ አንቀጽ «ክፉ አስበሃልን?» ብሎ አይጠይቅም። «ቤቱ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ደግሞም ይኸው ሕግ የካሳ ክስ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ስለሚወስን፥ የተጎዳ ሰው እያመነታ ቢቀመጥ መብቱ ያልፍበታል።

እንዲህ ከሆነ፥ የሚከፈለው ገንዘብ ምንድን ነው? የሰው ሕይወት ዋጋ ነው እንዳንል ሕይወት ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር በኩዊንሲ ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የጡረተኛ ወታደሮች መኖሪያ በዚሁ በሽታ 12 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ጊዜ በነበረው ሕግ፥ እንዲህ ላለው ጉዳት በክፍለ ሀገሩ መንግሥት ላይ ሊፈረድ የሚችለው ካሳ ከ100,000 ዶላር አይበልጥም ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2018 ወሰኑ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አለ። በእነዚህ በሦስት ዓመታት ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ወታደር ነፍስ ሃያ እጥፍ ከበረች ማለት ነውን? አይደለም። የተለወጠው የነፍስ ዋጋ ሳይሆን የቸልተኝነት ዋጋ ነው። ውኃን መጠበቅ ገንዘብ ያስወጣል፤ አለመጠበቅ ምንም የማያስወጣ ከሆነ፥ ለመጠበቅ የሚመደበው ገንዘብ ከበጀት ሲሰረዝ የሚቃወም አይገኝም። ካሳ የሞተውን አያስነሣም። የሚያደርገው ነገር ባለቤት ያልነበረውን ውኃ ባለቤት እንዲኖረው ማስገደድ ነው።

በተለይም መንግሥት ራሱ ባለቤት በሆነበት ሕንፃ ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ነጋዴ ቢቀጣ ከኪሱ ይከፍላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢቀጣ ግን የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ፥ ማለት የተጎዳው ሰው ራሱ ከከፈለው ግብር ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ካሳው ብቻውን አይበቃም። ለእያንዳንዱ ገንዳ፥ ለእያንዳንዱ ማሞቂያ ስሙ የተጻፈ አንድ ሰው ሊኖር ያስፈልጋል። «የሚመለከተው ክፍል» የሚባል ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ተወልዶም አያውቅም፤ ዳኛም ሊጠራው አይችልም።

መልሳችንን በአጭሩ እንናገር። «አላወቅሁም» የሚለው ቃል፥ ሊታወቅ ለማይችለው ነገር እውነተኛ መልስ ነው። ሊታወቅ ለሚችለውና ለማወቅ አደራ ለተቀበልንበት ነገር ግን ዕዳውን የሚያስቀር ሳይሆን ዕዳውን የሚያሳይ ቃል ነው። ያ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው ብለን አንፈርድበትም። ባለ ዕዳ ነው እንላለን። ዕዳውም መጀመሪያ እውነቱን መናገር፥ ቀጥሎም መካስ፥ ከሁሉ በፊት ግን ነገሩ ሳይደርስ መጠንቀቅ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው።

ያ አምስት ፊርማ የያዘ ወረቀት ወደ እኛ በተመለሰ ጊዜ ስድስተኛ ፊርማ ልንጨምርበት ብዕር አንሥተን ነበር። ከዚያ ግን ትተነው ከዘበኛው ቁልፍ ተቀብለን ወደ ጣራው ወጣን። የገንዳው ክዳን ተሰንጥቆ፥ ከውስጡ ጭቃና የእርግብ ላባ ተኝቶበት አገኘነው። ሁለት ሠራተኞች አፍስሰው፥ አጥበውና ክዳኑን ለውጠው ሲጨርሱ ግማሽ ቀን ብቻ ፈጀ። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ የታጠበውን ውኃ አላዩትም። አንባቢ ሆይ፥ አንተም በምትሠራበት ቤት ጣራ ላይ ያለው ገንዳ መቼ እንደ ተከፈተ የምታውቅ እንደ ሆነ መልካም ነው። የማታውቅ ከሆነ ግን ከዛሬ ጀምሮ «አላወቅሁም» ልትል አትችልም።